ወንድሜ ያነሳው ስልክ

ይህ የደረሰብን በሁለተኛው የኮሮና ዓመት፣ የጆሃንስበርግ ብርድ በጠናበት ወቅት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል። አባት ሆኛለሁ፣ ቤት ቀይሬያለሁ፣ የዚያን ጊዜ ጭንቀት ከብዙ ሰው ጋር አውርቼ ስቄበታለሁ። ይህን ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ታላቅ ወንድሜ ሄራሞ ይባላል። እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ወደ ደቡብ አፍሪካ ያመጣኝ እሱ ነው። ቴምቢሳ ውስጥ ስፓዛ አለው፤ ከዳቦ እስከ ሻማ የሚሸጥባት፣ ፊቷ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ትንሽ ሱቅ። የሰፈሩ ሰው "ማሉሜ" ይለዋል፤ በዙሉ አጎቴ ማለት ነው። ሚስቱ አማረችና ሁለት ልጆቹ ሆሳዕና ነበሩ።

በዚያ ክረምት ኮሮና ያዘውና ሆስፒታል ገባ። አልጋ ጠፍቶ ሰው ኮሪደር ላይ የሚተኛበት ጊዜ ስለነበር፣ ትንሽ ሻል ሲለው ኦክስጅን ታዞለት ወደ ቤት ተላከ። እኔ ያኔ ጀፕስታውን አንድ አሮጌ ቤት ተከራይቼ ነበር የምኖረው። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ስለነበረች እሱን ከጓሮ ባለችው ክፍል አስተኛሁት። ምግቡን በመስኮት አቀብለዋለሁ። ሲሊንደሩን ለመቀየር ካልሆነ በቀር አልገባም።

እንዲህ እያለን አንድ ጠዋት ከሀገር ቤት ተደወለልኝ። አማረች ሞታለች። ማታ አሞኛል ብላ ተኛች፣ በማግስቱ አልነቃችም። የዚያኑ ዕለት ተቀበረች። ልጆቹን እህታችን ወስዳቸዋለች።

ስልኩን እንደያዝኩ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ከጓሮ የወንድሜ ሳል ይሰማኛል።

መርዶ በእኛ ሀገር ዝም ተብሎ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰውየው እህል መቅመሱ ታይቶ ነው። ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ለጋሽ ማቲዎስ ደወልኩላቸው።

"በዚህ ትንፋሹ ብትነግረው እሱንም ታጣዋለህ" አሉኝ። "መጀመሪያ ከኦክስጅኑ ይላቀቅ። ያኔ መጥተን እናረዳዋለን።"

የወንድሜ ሞባይል ነበር ያስፈራኝ። የሀገራችን ልጅ ሁሉ የአማረችን ፎቶ ፌስቡክ ላይ እየለጠፈ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ይላል። ገብቼ፣ "ሐኪሙ ስልክ እንዳትነካ ብሏል፣ ዕረፍት ያስፈልግሃል" ብዬ ወሰድኩበት። አልተከራከረኝም።

"አማረች ከደወለች ግን አገናኘኝ" አለኝ።

ሞባይሉን ስወስድበት ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። ትንፋሹ ስለሚያጥረው ቢጣራ አይሰማም። አንድ ቀን ቁርስ ይዤለት ስሄድ የኦክስጅኑ ቱቦ ከአፍንጫው ወልቆ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ አገኘሁት። ቱቦውን መልሼ ሳደርግለት በእጁ ግድግዳውን አሳየኝ። በጥፍሩ እየቧጨረ ሊጠራኝ ሞክሯል። እኔ ቤት ውስጥ ሬዲዮ እየሰማሁ ነበር።

በዚያው ቀን የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ወደ ጀፕ ገበያ ወረድኩ። ግማሹ ሱቅ ተዘግቷል፣ የተከፈተውም ጭር ብሏል። ብርድ ልብስና ኤሌክትሮኒክስ ቀላቅሎ የሚሸጥ አንድ የስልጤ ልጅ ጋ ገባሁ። ከማል ይባላል፤ ከዚያ በፊት አላውቀውም። ለታመመ ወንድሜ ሁለት ክፍል የሚያገናኝ ገመድ አልባ የቤት ስልክ እንደምፈልግ ነገርኩት።

ሁለት ዓይነት አወጣልኝ።

"ይሄ ተራው ነው። ቤትህ የመስመር ስልክ አለ?"

"የለም። ገመዱን ሌቦች ከወሰዱት ቆየ።"

"እንግዲያው ይሄ ከክፍል ወደ ክፍል ከማነጋገር በቀር ሌላ ቦታ አይደውልም። ይሄኛው ግን ብሉቱዝ አለው። ሞባይልህን ዋናው ማስቀመጫ አጠገብ ትተዋለህ፤ ወንድምህ አልጋው ላይ ሆኖ በሞባይልህ መስመር ውጭ ይደውላል። ሞባይልህ ሲጠራም ሁለቱም ስልኮች ይጠራሉ።"

ይህን ስሰማ ወዲያው ወደ ተራው ዞርኩ።

"ምነው?" አለኝ።

ነገርኩት። ለማላውቀው ሰው ለምን እንደዚያ እንደዘረገፍኩለት እንጃ። ከማል የያዘውን ስልክ አስቀመጠና ጭምብሉን አስተካከለ።

"እኔ የአባቴን የሰማሁት እዚሁ ከተማ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ በስልክ ነው" አለ። "የማላውቃት እናት ናት ደግፋ ያወረደችኝ።"

ትንሽ አሰበ። "ግን ተራውን ብትወስድና አንተ በሌለህበት ቢደክመው፣ አምቡላንስ በምን ይጠራል? ብሉቱዝ ያለውን ውሰድ። እሱ ጋ የሚሆነውን የጥሪ ድምፁን አጠፋልሃለሁ። አብሽር።"

ባትሪ አስገባበት፣ ሞባይሌን በብሉቱዝ አያይዞ ማስቀመጫው አጠገብ አስቀረ፣ አንዱን ስልክ ሰጠኝና መንገዱን ተሻግሬ እንድቆም ላከኝ። ድምፁ ጥርት ብሎ መጣ። ቀጥሎ በራሱ ስልክ ወደ ሞባይሌ ደወለ። እሱ ጋ ያለው ጮኸ፣ እኔ የያዝኩት ፀጥ አለ። ደስ ብሎን ከሩቅ አውራ ጣታችንን ቀሰርን። ጠራራ ፀሐይ ላይ ስለቆምኩ የስልኩ ትንሽ መብራት ጥሪ ሲመጣ ብልጭ ድርግም እንደሚል አላየሁም።

ስልኩ ጠቀመን። ወንድሜ አንዷን ቁልፍ ሲጫን ሳሎን ያለው ይጮኻል። አነሳለሁ።

"ሻይ" ይለኛል። ወይ "ብርድ ልብስ" ይለኛል። ከአንድ ቃል በላይ ትንፋሽ አልነበረውም። አመሻሽ ላይ ግን ሁልጊዜ ይችን አይተዋትም፤ "አማረችስ?"

ኔትወርክ የለም አልኩት። ስልኳ ተበላሽቷል አልኩት። እናቷ ጋ ገጠር ሄዳለች አልኩት። ውሸቱ እያለቀብኝ ሄደ።

አንድ ቀን ኦክስጅን ላስሞላ ወጣሁ። ምናልባት ቢደክመው ብዬ ሞባይሌን ማስቀመጫው አጠገብ ትቼለት ነው የሄድኩት። ሰልፉ ረጅም ነበር። ስመለስ ባለቤቴ፣ "ሞባይልህ ጠርቶ ነበር። ላነሳው ስነሳ ተቋረጠ" አለችኝ። ነገሬ አላልኩትም። ሲሊንደሩን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር። ሳልቀሰቅሰው ቀየርኩለትና ወጣሁ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ስለ አማረች አልጠየቀኝም። በማግስቱም አልጠየቀኝም።

እውነቱን ልናገር፣ እፎይ አልኩ። መዋሸቱ ደክሞኝ ነበርና ተስፋ ቆርጦ ተወው ብዬ አሰብኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ደውሎ፣ "ልጆቹ ይበላሉ?" አለኝ።

"አማረች እያለችላቸው ምን ይሆናሉ?" አልኩት።

ትንፋሹ ሲወጣና ሲገባ ይሰማኛል። "ልክ ነህ" አለኝና ዘጋው።

ከዚያ በኋላ የሚያስገርም ነው፣ ምግቡን መጨረስ ጀመረ። ሐኪሙ ያዘዘውን የመተንፈስ ልምምድ ሳይነገረው ይሠራል። ሳምንት ያህል ቆይቶ ከኦክስጅኑ ተላቀቀ። ለጋሽ ማቲዎስ ደወልኩላቸውና በማግስቱ በማለዳ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ።

ልቀሰቅሰው ስሄድ ወንድሜ ጃኬቱን ለብሶ፣ ፂሙን ተላጭቶ፣ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ ጭምብላቸውን እንዳደረጉ ራቅ ራቅ ብለው ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። ሳሩ ላይ አመዳይ ነበር።

"እህል ቀመስክ፣ ሄራሞ?" አሉት ጋሽ ማቲዎስ።

"ቀምሻለሁ።"

ጸለዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "እንግዲህ የሰጠንም እግዚአብሔር ነው…" ብለው ሲጀምሩ ወንድሜ እጁን አነሳ።

"አይድከሙ፣ ጋሽ ማቲዎስ። አማረች ማረፏን አውቃለሁ።"

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ።

"አሁን ባለቅስ ችግር የለውም?" አለኝ።

ከዚያ አለቀሰ። ደረቱ ስላልቻለ ልቅሶው እየተቆረጠ፣ በሳል እየታነቀ ነበር። ልይዘው ስጠጋ ጋሽ ማቲዎስ፣ "ተወው" አሉኝ።

እንዴት እንዳወቀ የገባኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ሩስተንበርግ ከተማ የሚነግድ ሳሙኤል የሚባል የሀገራችን ልጅ ሊያጽናናን ደወለ። መርዶው ዛሬ መነገሩን ስነግረው፣ "ይመስገን፣ ያን ቀን ገና አልነገርነውም ስትለኝ በጣም ተጨንቄ ነበር" አለኝ።

"የትኛውን ቀን? ካንተ ጋር አላወራንም እኮ" አልኩት።

"እንዴ! በሞባይልህ ነው የደወልኩልህ። የአማረችን ሰማሁ፣ ጋሼን እንዴት ልታደርጉት ነው ስልህ ዝም አልክ። ድምፅህ ተዘግቶ ነበር። ከዚያ በየቃሉ እያረፍክ 'ገና አልነገርነውም፣ እስኪሻለው ነው፣ አንተም ለማንም አትናገር' አልከኝ። መቼ እንደሞተች፣ የት እንደተቀበረች ስትጠይቀኝ ግራ ገባኝ። ሐዘኑ ነው ብዬ ነገርኩህ።"

የእኔና የወንድሜ ድምፅ በስልክ አይለይም። በሀገራችን ቋንቋ ስናወራ ደግሞ እናታችን እንኳ ታምታታን ነበር።

ለቀስተኛው ሲቀንስ ወንድሜን ጠየቅኩት። "ስልኩ ብልጭ ብልጭ ሲል አንተ የደወልክልኝ መስሎኝ አነሳሁት" አለኝ።

"ለምን ዝም አልከኝ፣ ጋሼ?"

"ሚስትህ ሆዷ ገፍቷል። አንተም እንቅልፍ አጥተህ ከስተሃል። የምትነግረኝ ቀን እንዳለህ ገባኝ፤ እስኪደርስ ጠበቅኩህ።"

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንስተን አናውቅም። አሁን ቴምቢሳ ተመልሶ ሱቁን ይሠራል፤ ለልጆቹ ይልካል። እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። ደንበኛ ሲመጣ በዙሉ "ሳውቦና" ብሎ ሰላም ይልና ይስቃል፣ ሲሄድ ፊቱ መልሶ ይጠቁራል።

በሀገራችን ሰው ሲሞት ጎረቤት ሰምቶ ይሮጣል፤ ማንም ብቻውን አያለቅስም። ወንድሜ ያን ሳምንት በዚያች ክፍል ውስጥ፣ ድምፅ ለማውጣት እንኳ ትንፋሽ ሳይኖረው፣ እንዴት እንዳሳለፈው አላውቅም። የማውቀው በየጠዋቱ መስኮቱ ጋ ቆሜ "ዛሬስ እንዴት ነህ?" ስለው "ደህና ነኝ" ይለኝ እንደነበር ነው። እኔም አምኜው፣ ባዶውን ሳህን ይዤ፣ ደስ እያለኝ ወደ ቤት እመለስ ነበር።