ጥቁሩን ቁራጭ ብቻ የምትለቅም ልጅ

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት... በዚህ በሸዋሮቢት ሙቀት፣ አርባ አምስት ዓመቴን ይዤ፣ የሰው መስኮት ሥር አጎንብሼ ወሬ ስሰማ ነበር። አትፍረዱብኝ፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ጠርጣራ ነው ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። የደንበኛ ወገብ ሁለት ጊዜ ሳልለካ መቀስ አላነሳም።

ብርቱካን የታናሽ ወንድሜ ልጅ ናት፣ ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ እሷን ስትወልድ ነው ያለፈችው። አባቷ አጣዬ ላይ ሱቅ ነበረው። ከተማዋ የተቃጠለች ጊዜ ልጁን ከጎረቤቶቹ ጋር አይሱዙ ላይ ጭኖ ወደ እኔ ላካት። እሱ ግን ሱቄን ቆልፌ እመጣለሁ እንዳለ እዚያው በሩ ላይ ተገደለ።

ለቅሶውን ጀውሃ፣ እህቴ ቤት ተቀመጥን። ለልጅቷ ግን አልነገርናትም። መርዶ እንዴት ተደርጎ ይህችን ለማታክል ልጅ ይነገራል? አባትሽ ጅቡቲ ሥራ አግኝቶ ሄዷል አልናት። እንዳትጠረጥር ብዬ ጥቁር ሳልለብስ ቀረሁ። ለወንድሜ የጀመርኩትን ኮትም ሱቄ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ተውኩት። «ሲመጣ ይለብሰዋል» እላታለሁ። ኮቱን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ ወደ ጨዋታዋ ትመለሳለች። ተሳክቶልኛል ብዬ ነበር።

ከዚያ መቅደስ መጣች። ከደብረ ብርሃን የመጣች ወጣት ናት። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አንድ ክፍል ተሰጥቷት፣ በዚያ ጊዜ ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች ታጫውታለች፣ ታናግራለች። ብርቱካን በእንቅልፏ እየባነነች ስታስቸግር ባለቤቴ ወስዳ አስመዘገበቻት።

እኔ ከጅምሩ አላማረኝም። ደሞዝ እየተከፈለው አሻንጉሊት የሚጫወት ትልቅ ሰው አይቼ አላውቅም። በሩን ትዘጋለች። ብርቱካንን ምን አደረጋችሁ ስላት «ተጫወትን» ብቻ ነው መልሷ። አንድ ቀን መቅደስን ለብቻዋ አግኝቼ ስለ ብርቱካን አባት ትንፍሽ እንዳትይ ብዬ አስጠነቀቅኳት።

«እኔ ቀድሜ አልነግራትም። ከጠየቀችኝ ግን አልዋሻትም» አለችኝ። «ቢነግሯት የሚሻለው እርስዎ ነዎት።»

ይቺ ንግግር ሆዴ ውስጥ ቀረች። እዚያው ቆመን ለመስኮቷ መጋረጃ እንድሰፋላት ጠየቀችኝ። ሥራ በዝቶብኛል አልኳት... ውሸቴን ነው። መስኮቱ እንዲሸፈን አልፈለግኩም።

ነገሩን ያባሰው ጨርቁ ነው። ብርቱካን ወደ መቅደስ በምትሄድበት ቀን ሁሉ ከስፌት መኪናዬ ሥር ቁራጭ መልቀም ጀመረች። ቀዩን አትነካም፣ አበባ ያለበትንም አትነካም... ጥቁሩን ብቻ። ለምንሽ ነው ስላት «ለሥራ ነው» ብላ ትሮጣለች። በጥቁር ጨርቅ የሚሠራ የምን ጨዋታ ነው? አእምሮዬ ጠንቋይ ቤት ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ሐሙስ ሲመጣ ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳት።

መስኮቱ በሙቀቱ የተነሳ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ብርቱካን ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ለአንዲት ትንሽ አሻንጉሊት ጥቁር ቀሚስ ትሰፋለች። ከእኔ አይታ የቀዳችው አሰፋፍ ነው፣ ስፌቱ ልቅም ያለ። መቅደስ አሻንጉሊቷ ለምን ጥቁር እንደምትለብስ ጠየቀቻት።

«አባቷ ሞቷል» አለች ብርቱካን። «አይሱዙው ላይ ለሴትዮዎቹ ሲደወልላቸው ሰምታለች።»

ግድግዳውን ያዝኩ።

መቅደስ አንቺስ መልበስ ትፈልጊያለሽ ወይ አለቻት። ብርቱካን በጣም እፈልጋለሁ፣ ግን ቤት ውስጥ ጋሼ ያየኛል አለች። ጋሼ የምትለው እኔን ነው።

«ቢያይሽ ምን ይሆናል?»

ብርቱካን ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ጋሼ እኮ አልተነገረውም። እስካሁን ኮቱን ሰቅሎ ይጠብቀዋል። መርዶ ደግሞ ልጅ አይናገርም፣ ሲነጋጋ ትልልቅ ሰዎች መጥተው ነው የሚነግሩት። እየጠበቅኩ ነው... ማንም አይመጣም።»

እኔ እሷን ስደብቅ፣ እሷ እኔን ስትደብቅ ወራት አልፈዋል። እንዳልደነግጥባት ብላ፣ በዚያች አንጀቷ፣ የአባቷን ሞት ብቻዋን ይዛ። መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ አፌን በክንዴ አፍኜ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጧት፣ ገና ሲነጋጋ፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ጠርቼ ከባለቤቴ ጋር ገባንና ብርቱካንን ቀሰቀስናት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አባትሽ... ብዬ ቀረሁ።

ሽማግሌዎቹን አየቻቸው። እኔን አየችኝ። ከዚያ ትንሿን እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች።

«ነገሩህ፣ ጋሼ?» አለችኝ።

ያን ዕለት አብረን አለቀስን። ኮቱን አወረድኩት። ለእሷም ጥቁር ቀሚስ ሰፋሁላት፣ እጅጌውን ራሷ ጠቀመችው።

መቅደስን አፍሬ እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ብቻ ዛሬ ሄጄ መስኮቷን ሁለት ጊዜ ለክቼ መጥቻለሁ... ደህና አድርጎ የሚሸፍን መጋረጃ እሰፋላታለሁ፣ ይህቺ ከተማ እንደኔ ዓይነት ጠርጣራ አታጣም።