እታለም የጠገነችው ቤት

የሰፈሩ ሰው «ካቻቢቴ» ይላታል። ስሙን ያወጣችላት አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ናት። አንድ ቀን ስኳር ልትበደር ብትመጣ፣ ሴትዮዋን ከዕቃ ማጠቢያው ሥር በጀርባዋ ተንጋልላ፣ ካቻቢቴ በጥርሷ ነክሳ አገኘቻት። «ኧረ በሞትኩት! ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ጮኸች፤ ነገሩ ሲገባት ደግሞ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በማግስቱ ስሙ ሰፈሩን ዞረ። ባለቤቲቱም አልተቀየመችም። እንዲያውም በር ስታንኳኳ «ማነው?» ሲሏት፣ «ካቻቢቴ ነኝ» ማለት ጀመረች።

ሙያዋ ልብስ ስፌት ነው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሆስፒታል ውስጥ፣ የተቀደደ አንሶላና የሐኪም ጋዋን በሚጠገንበት ክፍል ሠርታለች። «ክር ሲመዘዝ ያልያዝሽውን ጨርቅ ሲተረተር አትደርሽበትም» ትላለች። ስለ ቤትም ያላት እምነት ያው ነው።

የቤት ጥገና የጀመረችው ተናዳ ነው። ወጣት ሳለች ቧንቧዋ አልዘጋ ብሎ ባለሙያ ጠራች። ሰውየው ሲያንኳኳና ሲተነፍስ ቆየና «ከባድ ብልሽት ነበር እቱ» ብሎ የወር ወጪዋን የሚያናጋ ሒሳብ ጠየቃት። ከፈለች። እሱ ከሄደ በኋላ ወለሉን ስትጠርግ የቀየረውን ዕቃ አገኘችው፤ ከቀለበት የማይበልጥ፣ የተበላ ጎማ ነበር። ጎማውን በመሐረብ ቋጥራ ሱቅ ሄደች። ዋጋውን ስትሰማ እዚያው ሱቅ ደጃፍ ላይ «ወይ እኔ!» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፒንሳና ካቻቢቴ ከመቀሷ ጎን መቀመጥ ጀመሩ።

ሌላውን ቀስ በቀስ፣ እያበላሸች ተማረች። ዝናብ ከመጀመሩ በፊት አሸንዳውን ትጠርጋለች። የደረቀ ቅጠል ከደፈነው ውሃው ተመልሶ ግድግዳ ውስጥ ይገባል። የጣራው ሚስማር ሲላላ መዶሻ አታሳርፍበትም፤ ነቅላ ወፈር ያለ ባለጎማ ሚስማር ትመታበታለች። ዝገት ገና ነጠብጣብ ሳለ በብረት ብሩሽ ፍቃ ቀለም ታስነካዋለች። የተቃጠለ ዘይት ማጠቢያ ውስጥ ሲደፋ ካየች ሰው ፊት ትቆጣለች። የውሃ ሒሳብ በዛብን ብሎ ለሚያማርር ጎረቤት ደግሞ ምክሯ አጭር ነው፦ «ቧንቧውን ሁሉ ዝጊና ቆጣሪውን እዪው። ከዞረ አንድ ቦታ ያፈስብሻል ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል!»

ቤቱን የሠራው አባቷ ነበር። እናታቸው የሞተችው ታናሽ ወንድሟ ገና ሳይጎረምስ ስለነበር ያሳደገችው እሷ ናት። «እታለም» ነው የሚላት። ባል ሲጠይቃት «ልጁ ትምህርቱን ይጨርስና» ብላ አቆየችው፤ ጠያቂው መጠበቅ ሰልችቶት ሌላ አገባ። አባታቸው ሲሞት የውርሱን ጉዳይ የጨረሰው ወንድሟ ነበር።

«እታለም፣ በሁለት ስም ከሆነ ጣጣው ብዙ ነው» አላት። «ለጊዜው በኔ ስም ይዙር። የሁለታችን መሆኑን ማን ያጣዋል?»

ፈረመች። ከአንድ ማህፀን ወጥተን የሱ ስም ከኔ ስም በምን ይለያል አለች። እሱም ሌላ ከተማ ሄዶ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ሆነ፤ አገባ፣ ወለደ። እሷ ቤቱን ይዛ ቀረች።

ከዓመታት በኋላ አንድ የበጋ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ መጣ። ፀጉሩ ሸብቶ፣ ሆዱ ወጣ ብሎ ነበር። «ቤቴ ናፈቀኝ እታለም» አለ። «እስቲ ትንሽ ካንቺ ጋር ልቀመጥ። ይሄንን ቤት ደግሞ አንድ ላይ ሆነን እናሳምረው። ብቻሽን ስትለፊ ኖረሻል።»

ይቺን የመጨረሻዋን ቃል ስትሰማ ሻንጣውን ከእጁ ተቀበለችው። ብቻዋን ስትለፋ መኖሯን እስከዚያች ቀን ድረስ ማንም አንስቶላት አያውቅም።

ሥራ ጀመሩ። እሱ ጣራ ላይ፣ እሷ ከታች መሰላሉን ይዛ። «እዚህ ጋ ልምታ?» ሲላት «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ዓይንህን ወዴት ጥለኸው ነው!» ትለዋለች፤ ይስቃሉ። ሲጢጥ የሚሉትን በሮች ዘይት አጠጡ፤ የወለሉን መጋጠሚያ ደፈኑ፤ የተሰነጠቀ መስታወት ቀየሩ። የቀለሙን ወጪ እሱ ቻለ። ማታ ማታ ጉልበቷን እያሸች «ወንድም ማለት ይሄ ነው» ትላለች ለጎረቤቷ በአጥር በኩል። ጎረቤቷም «እግዜር የካሰሽ ነው» ብላ ትመርቃታለች።

የተጣሉት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በጓዳ በኩል ባለው ግድግዳ። ያ ግድግዳ ከሥሩ ውሃ ይስባል። ቀለሙ ይነፋና ይረግፋል፤ በጣት ሲነኩት ነጭ ዱቄት ይለቃል። ምክንያቱን ታውቃለች፤ ከውጭ በኩል መሬቱ ወደ ቤቱ ስላዘነበለ የዝናብ ውሃ መሠረቱ ላይ ይተኛል።

«መጀመሪያ ከውጭ ቦይ እንቆፍርና ጠጠር እንሙላበት» አለችው። «ውሃው መሄጃ ያግኝ። ግድግዳው አንድ በጋ ይድረቅ። ልስኑ ከዚያ በኋላ ነው።»

«ለሱ ጊዜ የለንም። ስቱኮ እንለጥፍበትና ቀለም እናልብሰው።»

«ማን እያባረረን ነው ጊዜ የሌለን?»

«እንዲያው ነው...»

«መግል በቋጠረ ቁስል ላይ ፋሻ ብታስርበት ይሽራል?»

ሳቀና ትከሻዋን አቀፋት። «አንድ ቀን እንኳ ታናሽሽን ስሚ እንጂ እታለም።»

ሰማችው። ግድግዳው ተለጥፎ፣ ተለስልሶ፣ ክሬም ቀለም ለብሶ እንደ ሙሽራ ፊት አማረ። እሷ ግን ባለፈች ባገደመች ቁጥር በመዳፏ ትነካዋለች። ይቀዘቅዛል።

አንድ ጠዋት ወንድሟ «እቃ ልገዛ ነው» ብሎ ወጣ። እሷ የአባቷን አሮጌ ካፖርት ደርባ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ በርጩማ ላይ ቆማ የመስኮቱን ብረት ትቀባ ነበር። የግቢው በር በቁልፍ ሲከፈት ሰማችና ወንድሟ የተመለሰ መስሏት ዞር አላለችም።

«ቀለሙ ደረቀ እናቴ?»

ድምፁን አላወቀችውም። ዞር ብትል መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰካ፣ ቁልፍ በጣቱ የሚያሽከረክር ሰው ቆሟል። አጠገቡ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት አለች፤ በጀርባዋ የተማሪ ደብተር የታጨቀበት ቦርሳ አዝላለች።

«ይግቡ መምህርት፣ ይግቡ» አላት ሰውየው። «ሠራተኞቹ እየጨረሱ ነው። ጣራው ዘንድሮ ነው የታደሰው። አሸንዳውን ይዩልኝ! ባለቤቱ ያለ አንድ እንከን ነው የሚያስረክብዎት።»

ካቻቢቴ ብሩሹን እንደያዘች ቀረች። ቀለሙ በክንዷ ላይ እየወረደ ካፖርቱ እጅጌ ውስጥ ገባ። ይህን ጊዜ ወንድሟ ከኋላ ገባ፤ መኪናውን ሲያቆም ዘግይቶ ነው። ሰውየው ደላላ ኖሯል፤ ወደሱ ዞሮ «ሠራተኛዋ ጎበዝ ናት ጋሼ፣ ከየት አገኟት?» አለው።

ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። «እህቴ ናት» ማለት ትንሽ ነገር ነበረች፤ ሁለት ቃል። ከንፈሩ ተላቀቀ፤ ከዚያ ተመልሶ ገጠመ። «በዚህ በኩል እንለፍ» ብሎ እንግዶቹን ወደ ውስጥ መራቸው።

ብዙ ቆይታ ስትናገር ከመሸጡ ይልቅ የምትመላለስባት ይቺ ናት። «ቤቱን ይሽጠው፣ በስሙ ነው» ትላለች። «ግን እኔን ሲያልፈኝ! እንደ በርጩማው ሲያልፈኝ!»

ከበርጩማው ወርዳ ተከተለቻቸው። መምህርቷ የጓዳው ግድግዳ ጋ ቆማ ነበር። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ቀለሙን አየችና «እዚህ ቤት ርጥበት አለ?» ብላ ጠየቀች። «የምኖርበት ቤት ርጥበት ትልቁን ልጄን አስም አስይዞብኛል። ለሱ ነው የምለቀው።»

«ኧረ በጭራሽ!» አለ ደላላው።

«የለም» አለ ወንድሟ።

መምህርቷ ዓይኗን ወደ ካቻቢቴ መለሰች። እንደ ሴት ለሴት። «እርስዎ ሲሠሩ አይተው ይሆናል፤ እውነቱን ይንገሩኝ።»

ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ። ካቻቢቴ ያን አጠራረግ ታውቀዋለች፤ ልጅ ሆኖ ብርጭቆ ሰብሮ «አትናገሪብኝ» ሊላት ሲል እንዲህ ያደርግ ነበር። ያኔ አትናገርበትም ነበር።

«እዚህ ጋ በመዳፍሽ ንኪው ልጄ» አለች። «ቀዘቀዘሽ አይደል? ውሃ ይስባል። የሸፈነው ስቱኮ ነው፤ የለጠፍኩትም በዚህ እጄ ነው። ዝናብ ሲመጣ ይነፋል። ደግሞ ሠራተኛ አይደለሁም። የሰውየው እህት ነኝ፤ እዚሁ ቤት ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ።»

መምህርቷ ከአንዱ ወደ አንዱ አየች። «ይቅርታ፣ አላወቅኩም ነበር» አለች፤ ይቅርታ ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ። ደላላው እያጉረመረመ ተከትሏት ወጣ።

በሩ እንደተዘጋ ወንድሟ ፈነዳ። «አዋረድሽኝ! በሰው ፊት ሸጥሽኝ!»

«ማን ነው የሸጠው?»

«የልጆቼ ኑሮ ነው! ወደ ትልቅ ከተማ ልንዛወር ነው፣ ሱቅ ልከፍት ነው። አንቺን እተዋለሁ አላልኩም፤ ከኛ ጋር ትኖሪያለሽ። ክፍል እንሰጥሻለን።»

«ትሰጡኛላችሁ» አለች ቃሉን እያኘከች። በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። መሰላሉን ይዤልህ ስንስቅ... ያኔ ታውቅ ነበር?»

የቀለሙን ጣሳ ክዳን አንስቶ መግጠም ጀመረ።

«መልስልኝ።»

«ከመምጣቴ በፊት ነው የወሰንነው» አለ ወለሉን እያየ። «ብነግርሽ አታግዢኝም ብዬ ነው።»

አላለቀሰችም። ተነስታ ብሩሹ ሳይደርቅ በጋዝ አጠበችው። ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ሄደች፤ ያለቀሰችው እዚያ ነው። ጎረቤቷ ጀርባዋን እየደባበሰች «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለች።

የሰፈር ሽማግሌዎች ገቡበት። ወንድሟ በስሙ መሆኑን ጠቅሶ ተከራከረ፤ በኋላ ግን ሰው ዓይን ውስጥ መግባቱን ፈርቶም ይሁን ከልቡ፣ ከሽያጩ ድርሻዋን ሊሰጥ ተስማማ። ሽማግሌዎቹ «ይቅር ተባባሉ» አሉ፤ ተሳሳሙ። ጉንጩ ከጉንጯ ሲነካካ ምንም አልተሰማትም፤ ያስደነገጣት ይህ አለመሰማቱ ነው።

የሚገርመው ነገር ቤቱን የገዛችው ያቺው መምህርት መሆኗ ነው። ተመልሳ መጣችና «እንከኑን የነገሩኝ ቤት ይሄ ብቻ ነው፤ የሌላውን እንከን አላውቀውም» አለች። ዋጋው በግድግዳው ምክንያት ተቀንሶ፣ ቦዩን እሷው ልታስቆፍር ተስማሙ።

በርክክቡ ቀን ካቻቢቴ ቤቱን አዞረቻት። ዋናውን የውሃ መዝጊያ አሳየቻት። «ቧንቧ ቢፈነዳ መጀመሪያ ወደዚህ ነው የምትሮጪው፤ ሰው የምትጠሪው ቀጥሎ ነው። ሁለት ሦስት ወር ሲሞላ አንዴ ከፈት ዘጋ አድርጊው፤ ካልነኩት ይደርቅና በቸገረሽ ቀን እምቢ ይልሻል።» በየትኛው መስኮት ነፋስ እንደሚገባ፣ የቱ በር በዝናብ ወራት እንደሚያብጥ ነገረቻት። «በሩን አትላጊው። በበጋ ተመልሶ ይሰበሰባል፤ ከላግሽው ክፍተት ይሆንብሻል።» ግድግዳውንም አንድ በጋ ሙሉ ሳይደርቅ እንዳትለስን አስጠነቀቀቻት። መምህርቷ እየሰማች ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይሄን ሁሉ ለኔ...» ስትል ካቻቢቴ አቋረጠቻት። «ቤቱ ምን አደረገ?»

ዛሬ የምትኖረው ሆስፒታል አብራት ትሰፋ ከነበረች ጓደኛዋ ግቢ፣ በድርሻዋ በገዛቻት ሁለት ክፍል ነው። በዚህኛው ወረቀት ላይ ያለው ስም የራሷ ነው። መሠረቱን፣ ጣራውን፣ የውሃውን መስመር አይታ ነው የገዛችው። ጓደኛዋ ትቀልድባታለች፦ «ባል ብትመርጪ ኖሮ እንዲህ አገላብጠሽ አታዪውም ነበር!» ትስቃለች። ግን ሰው በነጻ ላግዝሽ ሲላት ፊቷ ይለወጣል። መሰላል ላይ ስትወጣ የሚይዝላት አትፈልግም፤ የመሰላሉን እግር ከአጥር ጋር በገመድ ታስረዋለች።

ወንድሟ ከዓመት በኋላ መጣ። የበሰለ ፍራፍሬ በላስቲክ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሱቁ እንዳሰበው አልሆነለትም፤ ይህን ያወቀችው ከተበላ ጫማው ነው።

«እታለም» አለ።

«ይግቡ» አለችው። «ይቀመጡ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ መስሎት ዞር ብሎ አየ።

«ሻይ ይጠጣሉ?»

«እታለም፣ በእናታችን፣ አንቱ አትበዪኝ። ስደቢኝ። ምቺኝ ከፈለግሽ።»

«ስኳር ስንት ላድርግልዎ?» አለች። በፌዝ አልነበረም። ድምፅዋ የረጋ፣ ለማንኛውም ትልቅ እንግዳ የሚሆን ድምፅ ነበር። በእጇ ያሳደገችው ልጅ፣ ስኳር ስንት እንደሚጠጣ ከራሷ ስኳር ይልቅ የምታውቀው ልጅ፣ «ሁለት» አለ፤ አንገቱን ሰበረ።

ሻዩን ጠጣ። ስለ አየሩ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት አወሩ። ሲነሳ እስከ ግቢው በር ሸኘችው፤ «ቤተሰብዎን ሰላም ይበሉልኝ» አለችው። ጓደኛዋ በመስኮት ታይ ነበርና «ምነው ጨከንሽ? ያባትሽ ልጅ እኮ ነው» አለቻት።

«ልቤ እሺ ቢለኝ እኔስ በወደድኩ» አለች ካቻቢቴ። ወደ ውስጥ ገብታ ፍራፍሬውን አጠበች፤ ግማሹን ለጓደኛዋ ሰጠቻት። የቀረውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ብዙ አየችው፤ ያን ቀን ሳትነካው አደረ።