ስድስት ላሞችና የሐሙሱ ስብሰባ

ከጧቱ 12 ሰዓት፣ መሪ

ሐሙስ ዕለት ከመሪ ኮንዶሚኒየም ስወጣ ዓላማዬ አጭር ነበር፤ እንጦጦ ወጥቼ፣ ስድስት ላሞች በአንድ ጧት ሲዳቀሉ አይቼ፣ ለምሳ ኮተቤ ሱቄ መመለስ። ኮተቤ ፉርሽካና ፋጉሎ እሸጣለሁ። የከብት መኖ ስሸጥ ኖሬ ኖሬ፣ ከብቱንስ ራሱን ለምን አላረባም ያልኩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ስድስት ላም ገዝቼ እንጦጦ ለሚኖሩት ለእትዬ አስካለ በርቢ ሰጠሁ። እሳቸው ያረባሉ፣ የሚወለደውን እኩል እንካፈላለን፣ ወተቱ የእሳቸው ነው።

ባንድ ጧት የሚለው ሐሳብ የኔ ነው። ላሞች በየፊናቸው ሲወልዱ አንዱ ወይፈን ሲሆን ሌላው ገና ይጠባል። ለበዓል ገበያ አንድ ወይም ሁለት ይዘህ ስትቆም ደላላው ይጫወትብሃል። ስድስቱ ባንድ ሳምንት ቢወለዱ ግን ባንድ ላይ ደልበው ባንድ ላይ ይሸጣሉ፣ ያን ጊዜ ዋጋ ቆራጩ እኔ ነኝ። ለዚህም መላ መጥቷል። ላሞቹ በሙሉ ባንድ ቀን ሆርሞን ይወጋሉ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሁሉም ኮርማ ይፈልጋሉ፣ አዳቃዩ ሥጋ የሚይዝ የቦረና ኮርማ ዘር ይዞ ይመጣና ይጨርሳል። ሰኞ ጧት ተወጉ። አዳቃዩ ኮተቤ ካለው የግብርና ቢሮ የተላከ፣ ታረቀኝ የሚባል ቀጭን ወጣት ነው። “ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ነኝ” ብሎ ሄደ።

እትዬ አስካለ የራሳቸው ኮርማ ነበራቸው። ትንሽ፣ ቁጡ፣ ሰፈሩ በሙሉ ላሙን የሚያስጠቃበት ኮርማ። ዘር ያበላሽብናል፣ ይሸጥ ብዬ የወተወትኳቸው እኔ ነኝ፤ ሸጡት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያ ቤት የሚኖረው በላሞቹ ነው። ላም ካልወለደች አትታለብም። ሐሙስ ካመለጠ ደግሞ ዳገቱ ላይ ሌላ ኮርማ የለም።

ከጧቱ 2 ሰዓት፣ ከፈረንሳይ ሽቅብ

ከመሪ መገናኛ፣ ከመገናኛ ፈረንሳይ በሁለት ታክሲ ደረስኩ። ሁለተኛው ላይ አራት ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ላይ አምስተኛ ሆኜ፣ ረዳቱ “ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አባት ናቸው” ሲል አንድ ቀን ሳላድር አረጀሁ። ፈረንሳይ ሁለት ዳቦና አንድ ሻይ በሰባት ብር በልቼ በእግሬ ተነሳሁ። ሌሊት ዘንቦ ነበር፤ ቀዩ አፈር ጫማዬን ባንድ እርምጃ አንድ ኪሎ ያስጨምረዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ከላይ ቁልቁል ይወርዳሉ፣ እኔ ባዶ እጄን እያለከለኩ ሽቅብ። አንዷ ቆም ብላ አየችኝና “በርቱ፣ ራጉኤል ይርዳዎ” አለችኝ። ለንግሥ የምወጣ መስያት ይሆናል።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የእትዬ አስካለ ግቢ ስደርስ ግቢው መገናኛን ሆኗል። አንዷ ላም ሌላዋ ላይ ትወጣለች፣ ሌላዋ አጥሩን ትገፋለች፣ ሁሉም ይጮኻሉ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው በዱላ ያለያያሉ።

“ከትናንት ማታ ጀምረው ነው” አሉኝ ሰላምታ ሳይሉ። “ሰውየው የታለ?”

“ሁለት ሰዓት ብሏል እኮ።”

“ሁለት ሰዓትማ አለፈ። ጌታሁን፣ ላም ስትፈልግ ዛሬ ነው። ነገ ብትለምናት ፊቷን ታዞርብሃለች።”

ስልክ ደወልኩ። ጥሪ አይቀበልም። ዛፍ ወዳለበት ጉብታ ወጥቼ ደወልኩ። ጥሪ አይቀበልም። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን እትዬ አስካለ ቆሎ በሰፌድ አቅርበው አንዲትም ፍሬ አልቀመሱም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ተነስቼ ወረድኩ።

5 ሰዓት፣ ኮተቤ

ቢሮው ደርሼ ያገኘሁት የጽዳት ሠራተኛዋን ብቻ ነው። “ሁሉም ስብሰባ ላይ ናቸው” አለች፤ ሁለት ፌርማታ ወረድ ብሎ ያለ አዳራሽ ጠቆመችኝ። በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጨርቅ ሳነብ የወረድኩትን ዳገት ሁሉ ያህል ደም ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። የከብት ማዳቀል ዘመቻው አፈጻጸም ግምገማ ነው። እንጦጦ ላይ ስድስት ላም አዳቃይ አጥታ ታጓራለች፣ አዳቃዩ እዚህ ተቀምጦ ላሞች ለምን አያረግዙም ብሎ ይገመግማል።

ጥበቃው ወንበሩን በሩ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

“ተሰብሳቢ ነዎት?”

“አይደለሁም። ታረቀኝ የሚባል አዳቃይ ጥራልኝ። ላሞች እየጠበቁት ነው።”

“ላሞቹ አባል ናቸው?” አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። “ሻይ ሰዓት ላይ ይወጣል፤ እስከዚያ ቁጭ ይበሉ።”

ሻይ ሰዓት ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰው ሁሉ ሳንቡሳ በሶፍት ይዞ ወጣ። ታረቀኝ ሲያየኝ ሳንቡሳውን ከኋላው ደበቀ።

“ጋሼ፣ በእግዚአብሔር፣ ትናንት ማታ ነው የነገሩን። የቀረ ይጻፋል ተባለ።”

“ላሞቹን ማን ነገራቸው? ሰኞ የወጋሃቸው አንተ ነህ።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ እንሂዳ።”

“ዘሩ ያለበት ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ዘንድ ነው፤ እሳቸው ደግሞ” አለና በአገጩ አዳራሹን አሳየኝ።

የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ሸበቶ፣ ትሑት ሰው ናቸው፤ ክፋት የለባቸውም። ችግሩም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ይጣሉኝና ይለይልን ነበር። “አበል የሚፈረመው መጨረሻ ላይ ነው የኔ ወንድም” አሉኝ። “ብወጣ አበሌ ይቀራል፤ እሱ ብቻም አይደለም፣ ቁልፍ ያለ ኃላፊ ፈቃድ አልሰጥም፤ ኃላፊው ደግሞ መድረክ ላይ ናቸው።” ንግግራቸውን ሲጨርሱ ደወል ተደወለና ሁሉም ተመልሰው ገቡ። ታረቀኝም ገባ። በበሩ ስንጥቅ በኩል የመድረኩ ሰውዬ ድምፅ ይሰማኛል፤ “ወቅቱን የጠበቀ አገልግሎት” ይላል። ሁለት ጊዜ አለው። ሁለተኛው ላይ ተጨበጨበ።

እኔ በንግድ ዓለም ብዙ ዓይነት ዋሾ አይቻለሁ። አሸዋ ቀላቅሎ ፉርሽካ የሚያመጣ አለ፤ ግን እሱ ቢያንስ ሲያመጣ ላብ ያልበዋል። ከበር ውጭ ቆሜ ያየሁት ግን ሁሉም እየተናደዱ፣ ሁሉም እያወቁ፣ አንዱም የማይነሳበት ነገር ነው። ታረቀኝ ሦስት ጊዜ ዞር ብሎ አየኝ። ሦስት ጊዜም ተቀመጠ።

9 ሰዓት ተኩል፣ ዳገቱ ላይ

ስምንት ሰዓት አልፎ አበሉ ተፈረመ፣ ቁልፉ ተገኘ። ላዳ በሁለት መቶ ብር ኮንትራት ያዝኩ። ዘሩን በብርድ የያዘው የአሉሚኒየም ዕቃ እንስራ ያህላል፤ ታረቀኝ እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አቅፎት ተቀመጠ። ላዳው ፈረንሳይን አልፎ ጭቃው ሲጀምር ቆመ። ሹፌሩ “ከዚህ በኋላ እናንተ ናችሁ የምትሸከሙኝ” አለ። ወርደን ዕቃውን በየተራ ተሸከምን።

ግቢው ጸጥ ብሏል። የጧቱ መገናኛ የለም፤ አራቱ ላሞች ተኝተው ያመሰኳሉ። እትዬ አስካለ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ታረቀኝ ረጅም ጓንቱን አጥልቆ አንድ በአንድ ፈተሻቸው። የመጀመሪያዋን፣ “የማሕፀኗ አፍ ተዘግቷል” አለ። ሁለተኛዋን፣ “አልፏታል።” አራቱም አለፋቸው። ዘግይተው የጀመሩት ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል። እትዬ አስካለ ለብ ያለ ውሃ አመጡ፣ ታረቀኝ ዘሩ ያለበትን ቀጭን ቱቦ ውሃው ውስጥ አሟሙቆ ሁለቱን አዳቀላቸው። ሥራውን ያውቃል። ይህም አናደደኝ፤ የማያውቅ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ቅጽ አወጣ።

“ጋሼ፣ ሰኞ ስድስት ተወግተዋል ተብሎ ሪፖርት ሄዷል። ዛሬ ሁለት ብዬ ካስገባሁ አራቱ የት ሄዱ ይሉኛል። ስድስት ልበለውና ይፈርሙልኝ።”

አፌን ስከፍት እትዬ አስካለ ቀደሙኝ።

“ጻፍ ልጄ፣ ስድስት ጻፍ። ወተቱንም ጨምረህ ጻፍልኝ፤ ከመዝገቡ እየቀዳሁ እጠጣለሁ።”

ታረቀኝ ቅጹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ “ሁለት” ብሎ ጻፈ። አራቱ ላይ ምክንያት የሚል ባዶ መስመር አለ። “ምን ልበል?” አለኝ።

“ስብሰባ በል።”

“እንዲህ አይጻፍም፣ ጋሼ።”

“ታዲያ በትክክል የሚጻፈውን ታውቃለህ፤ ጻፈው።”

“ባለሙያው አልደረሰም” ብሎ ጻፈና በራሱ ስም ፈረመ። በሚቀጥለው ግምገማ መድረኩ ላይ ለወቀሳ የሚቆመው እሱ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። እትዬ አስካለ ቆሎውን አቀረቡለት። ለእኔ አላቀረቡም።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ መሪ

ስሰናበት እትዬ አስካለ በር ድረስ ሸኙኝ። “እሱ ልጅ ፈረመ” አሉ። “አንተስ?”

ቁልቁል ስወርድ፣ ታክሲ ውስጥም፣ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይም ይህ ጥያቄ አብሮኝ ነበር። ቢሮውን ቀኑን ሙሉ ስራገም ውያለሁ፤ እውነቴን ነው፣ አሁንም እራገማለሁ። ነገር ግን አንድ ኩንታል ፉርሽካ ሹፌሩን በዓይኔ ሳላይ የማልቀበል ሰው፣ የአንዲት ሴት ኮርማ “እዚህ ነኝ” በሚል ቃል አሸጥኩ። ከዚህ መንገድ የተማርኩት ይህንን ነው። መርፌው ከመወጋቱ በፊት ባለ መርፌው ከሦስት ቀን በኋላ የት እንደሚሆን፣ ቁልፉም በማን ኪስ እንደሚሆን መጠየቅ ነበረብኝ።

ያልያዘች ላም በሃያ አንድ ቀኗ ገደማ ኮርማ ወደ መፈለግ ትመለሳለች። አራቱ ባንድ ላይ ስላለፉ ባንድ ላይ ነው የሚመለሱት፤ አንድ ኮርማ አይበቃቸውም። ፋጉሎ ከእኔ የሚወስዱ ሁለት ደንበኞች ኮርማ አላቸው፤ ማታውኑ ደውዬ ጨርሻለሁ። ከቀኑ ሁለት ቀን ቀድሜ ኮርማዎቹን ራሴ እወስዳቸዋለሁ፣ በገመድ፣ በእግሬ፣ ከኮተቤ እስከ እንጦጦ። በቢሮው በር በኩል ነው የማልፈው። ሰልፍ ነው፣ ፈቃድ አምጣ ካሉኝ፣ ፈቃድ ሰጪው ከስብሰባ እስኪወጣ ኮርማዎቹ ደጃፉ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።