ቀሩ ብዬ የመዘገብኳቸው እናት

ሥራ የጀመርኩት እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሶዶ በሚሉት ሰፈር ካለው የቫኖች ግቢ ነው። የምንነዳው በሽተኛና አቅመ ደካማ ከቤቱ አንስቶ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ቫን ነበር። አሠልጣኜ ጋሽ ታደሰ የመጀመሪያውን ቀን መሪ አላስነካኝም። ባዶ ዊልቸር በሊፍቱ እያስወጣሁ፣ ወለሉ ላይ በአራት ቀበቶ ሳስርና ስፈታ ዋልኩ። «ሲነቃነቅ ካየሁት ነገም እዚሁ ነህ» አለኝ። ማታ ወገቤ አልታዘዝ አለኝ።

ሕጉን የነገረኝ በማግስቱ ነው። ደጃፍ ላይ ፓርክ ታደርጋለህ፣ ታንኳኳለህ፣ አምስት ደቂቃ ትጠብቃለህ። ካልወጡ መኪና ለሚያሰማራው ቢሮ፣ ለዲስፓች፣ ኮል አድርገህ የቫኑ ስክሪን ላይ «ቀረ» የሚለውን ትጫናለህ። ሦስቴ የቀረ ሰው ይታገዳል።

«በሽተኛ ሰው ይታገዳል እንዴ?» አልኩት።

«አንዱን ስትጠብቅ ሌላው በሽተኛ ይቆምልሃል?»

እውነቱን ነው። ሶ፣ ሕጉን እንደ ጸሎት ያዝኩት። ለዓመታት ሰዓት በማክበር የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ ብኮራም ማንም አይፍረድብኝ።

ቆይቶ እማማ ካውር ዝርዝሬ ውስጥ ገቡ። ከሕንድ ገጠር ልጃቸው ዘንድ የመጡ አሮጊት ናቸው። ኩላሊታቸው ስለደከመ በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ አላቸው። ልጃቸውና ምራታቸው በጠዋት ሥራ ይገባሉ። እሳቸው እንግሊዝኛ አይሰሙም።

የመጀመሪያው ቀን አንኳኳሁ፤ ዝም። አምስት ደቂቃ ጠብቄ «ቀረ»ን ተጫንኩ። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። ሁለቱንም ቀን ምራታቸው ከሥራ ወጥታ ወሰደቻቸው። መኪናው አልመጣም ብላ ቢሮ ደውላ አቤት አለች። እኔም ተቆጣሁ። «መጥቻለሁ፤ ስክሪኑ ይመስክር!» አልኩ።

በሦስተኛው ቀን «ቀረ»ን ተጭኜ ከሰፈሩ ስወጣ፣ ዋናው መንገድ ማዕዘን ላይ ነጭ ሻርፕ የለበሱ አሮጊት ቆመዋል። እጃቸውን አነሱ። አውቶቡስ የሚጠብቁ መስሎኝ አለፍኳቸው።

ታገዱ። በዚያው ሳምንት ዲያሊሲሱ ቀርቶባቸው ቤት ውስጥ ወድቀው በአምቡላንስ ተወሰዱ። ምራታቸው ግቢያችን ድረስ መጣች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ በተሻለኝ።

«አማቴ ሦስቱንም ቀን መንገድ ላይ ቆመው ጠብቀዋል» አለች።

«ለምን መንገድ ላይ? ቤት ነው የምንመጣው።»

«ነግረናቸዋል፤ አላመኑም። መንደራቸው ሰው ጥቂት ነው። ለጥቂት ቤት ብሎ የሚታጠፍ አውቶቡስ የለም። ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው በእግሩ ዋናው መንገድ ወጥቶ ይጠብቃል። መኪና እኔን ብሎ ደጄ አይመጣም ነው የሚሉት።»

ክው አልኩ። እኔ የተወለድኩበት መንደርም መኪና አይገባም። ለሃያ ጎጆ ብሎ ማን ይመጣል? እናቴን ለሐኪም ስንወስዳት አስፋልት ዳር ቆመን እጃችንን ያነሳንላቸው መኪኖች ስንቱ አልፈውናል፤ እኔም ስንቱን ረግሜያለሁ! ይህን ሌላው ሾፌር ባያውቅ አይፈረድበትም። እኔ ግን አፈርኩ።

ጋሽ ታደሰ ያን ጊዜ ሱፐርቫይዘር ሆኗል። ሪፖርት ልጽፍ ነው አልኩት።

«ሕጉን ጠብቀሃል። ምን ብለህ ነው የምትጽፈው?»

«ቆመው እያየኋቸው አለፍኩ ብዬ።»

«ማስጠንቀቂያ ይገባብሃል።»

«ይግባ።»

ወረቀቱን ሰጠኝ። ጻፍኩ። ማስጠንቀቂያው ፋይሌ ውስጥ ገባ፤ የሳቸው እገዳ ተነሣ።

ከሆስፒታል ሲወጡ እኔው ሄድኩ። አሁን ደጃፉ ላይ ነበሩ፤ ዊልቸር ላይ ተቀምጠው። ከዚያ ወዲያ በእግራቸው አልቆሙም። ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ሰላም አሉኝ። ያለፍኳቸው ሰው መሆኔን አላወቁም። በአማርኛ «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ» አልኳቸው። ፈገግ አሉልኝ። ሁለት ዓመት ያህል አመላለስኳቸው፤ እስኪሞቱ ድረስ።

አሁን ቫን የምትነዱ ልጆች፣ ደጃፍ ላይ ያጣችሁት ሰው ሁሉ ቀረ ማለት አይደለም። «ቀረ»ን ከመጫናችሁ በፊት ዋናው መንገድ ወጥታችሁ እዩ።