ዝናብ ሲነካው የማይዝ ፍሬን

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ ስኳር በቀበሌ ኩፖን ተሰልፈን በምንወስድበት ጊዜ ነው። ዓመቱ ጠፍቶብኛል፤ ወሩ ግን ሰኔ ነበር። ዕድሜዬን ሰው ሳስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። እያሳቅሁ ሰው የጎዳሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ቢያንስ እኔ የማውቀው ያንን ነው።

አንዲት አሮጌ ብስክሌት ነበረችኝ። ከኖኅ መርከብ ላይ የወረደች ናት እል ነበር፤ ለነገሩ ብዙም አላጋነንኩም። ክፉ አመል ነበራት። ደረቅ መሬት ላይ ፍሬኗን ሲይዙት ቀጥ ትላለች። ቸርኬዋን፣ ፍሬኑ የሚነክሰውን የጎማዋን ብረት፣ ውሃ ከነካው ግን ፍሬኑን ቢጨብጡት ባይጨብጡት አንድ ነው። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ የሰው አጥር ውስጥ ገብቼ አረጋግጫለሁ። ብስክሌት ጠጋኙ ቸርኬው ተበልቷል አለኝ፤ የሚለወጥበት ዕቃ ደግሞ በዚያ ጊዜ በአገሩ አልነበረም። ስለዚህ ክረምቱ ሳይጠና ልሸጣት ወሰንኩ።

ሾላ ገበያ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ናስር የሚባል ልብስ ሰፊ ይሠራ ነበር። ቤቱ ከፈረንሳይ በላይ፣ እንጦጦ ሥር ነው። ያን ሁሉ መንገድ ጠዋትና ማታ በእግሩ ይመላለሳል። ብስክሌት እንደሚፈልግ ሰምቼ ይዣት ሄድኩ።

ወጣባትና ገበያውን አንድ ጊዜ ዞረ። ፀሐይ ነበር። ፍሬኗን ያዘ፣ ቀጥ አለች። ደስ ብሎት ወረደ።

«እንከን አላት?» አለኝ።

ሰው የሚሸጠውን ዕቃ እንከን ተናግሮ መሸጥ እንዳለበት አውቃለሁ። ዝም ብል አጭበርባሪ ነኝ፤ ብናገር አይገዛኝም። ገበያተኛው ደግሞ ከቦ ቆሟል፤ ሰው ከቦኝ ከቆመ እኔን ዝም የሚያሰኘኝ የለም።

«እንከኗን ልንገርህ፣ በኋላ እንዳትከሰኝ» አልኩት። «አንደኛ፣ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፤ ረመዳን ሲገባ ያንተንም ትጨምራለች። ሁለተኛ፣ ዝናብ ሲነካት ፍሬኗ አይዝም፣ ጥሎህ የቀበሌ ስብሰባ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ቁልቁለት ስታይ የጠፋ ዘመዷን ያየች ይመስል ትሮጣለች። አራተኛ፣ ደወሏ ሌሊት ብቻውን ያንጎራጉራል።»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ሚዛኗን ጥላ ሆዷን ያዘች። ናስርም እንባውን እየጠረገ፣ «እና ፍሬኑ ከስብሰባ መቼ ይመለሳል?» አለኝ።

«ፀሐይ ስትወጣ!»

እንደገና ሳቁ። እውነቱን ነበር የነገርኩት። አንድም ሰው አላመነኝም። ብሩን ቆጥሮ ሰጠኝና ተጨባብጠን ተለያየን።

ሳምንት አልሞላውም። ጠዋት ሲያካፋ ናስር ወደ ቀበና ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ቢይዝ አልያዘለትም። ከድልድዩ ግንብ ጋር ተላተመ። ቀኝ እጁ ከአንጓው ላይ ተሰበረ። የልብስ ሰፊ ቀኝ እጅ።

የከሰሰችኝ ሚስቱ ዘይነባ ናት። የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ አዳራሽ ስገባ ናስር እጁ በጄሶ ተጠቅልሎ፣ በአንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ አንድ ጥግ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አላየኝም።

ዘይነባ ግን አየችኝ። «እኛ ቤት የሚበላው በዚያ እጅ ነው» አለች። «አምስት ነፍስ! ብስክሌቱ አይደለም የሰበረው፣ ያንተ አፍ ነው!»

ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። «ጉድለቷን ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«አውቅ ነበር ጋሼ… ይቅርታ፣ ጓድ ሰብሳቢ። ግን ነግሬዋለሁ። ገበያው ሁሉ ምስክሬ ነው።»

ወደ ናስር ዞሩ። «አይ፣ አልነገረኝም» ቢል አበቃልኝ። ናስር መሬት መሬቱን እያየ፣ «ነግሮኛል» አለ። «ዝናብ ሲነካት ፍሬኗ አይዝም ብሎኛል። የሳቅኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ ሰውዬ!» አለች ዘይነባ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «ሕጉ ሻጭ የሚያውቀውን ስውር ጉድለት ለገዢ ይግለጽ ይላል» አሉ። «ገዢው ጉድለቱን አውቆ ከገዛ ደግሞ ሻጩን መጠየቅ አይችልም።» ረትቻለሁ ማለት ነው። ልቤ ሊዘል ሲል፣ «አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ» አሉኝ። «ስትነግረው እንዲያምንህ ፈልገህ ነበር?»

ምላሴ ላይ ሺህ ቀልድ ተሰልፎ ነበር። አንዷን ብለቅ አዳራሹ ይስቃል፣ እኔም ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ዓይኔ ግን ከጄሶው ጫፍ ብቅ ያሉት፣ አብጠው የጠቆሩት የናስር ጣቶች ላይ አረፈ።

«አልፈለግኩም» አልኩ። «ካመነኝ አይገዛኝም። እንዳያምነኝ ብዬ ነው በቀልድ የጠቀለልኩት።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔ ተናግሬ አዳራሽ ጸጥ ሲል ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«እንግዲያው ይሄ መግለጽ ሳይሆን መደበቅ ነው» አሉ ሰብሳቢው። ብስክሌቷን እንድወስድ፣ ገንዘቡን እንድመልስ፣ እጁ እስኪድን ድረስም ሥራው እንዳይቆም እንድረዳው ወሰኑ።

ከዚያ ከሥራ በወጣሁ ቁጥር ሾላ እሄዳለሁ። ናስር የስፌት መኪናውን በእግሩ ይረግጣል፣ በግራ እጁ ጨርቁን ይይዛል፤ እኔ ቀኝ እጁ ነኝ። የሰፋሁት ሱሪ አንዱ እግሩ ወደ መገናኛ፣ ሌላው ወደ ቀበና ያመለክት ነበር። ናስር በግራ እጁ ይተረትረውና «እንደገና» ይለኛል።

አንድ ቀን አላስችል አለኝና፣ «ለምንድን ነው ነግሮኛል ያልከው? ሚስትህ እንኳ ተቆጥታ ነበር» አልኩት።

የሞኝ ጥያቄ የጠየቅሁት ይመስል አየኝ። «ነግረኸኛላ» አለኝ።

ጄሶው ሲፈታ እጁ ዳነ፤ አመልካች ጣቱ ግን መታጠፍ እንቢ አለ። መርፌ መያዝ አቃተው። የቁልፍ ቀዳዳ መሥራቱን ዘይነባ ተማረችለት። ሰላምታዬን የመለሰችልኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ብስክሌቷን እንደገና ልሸጥ ከቀበና ድልድይ በላይ ይዣት ቆምኩ። ለመጣው ሁሉ «ውሃ ሲነካት ፍሬኗ አይዝም፤ ሰው ሰብራለች» እለዋለሁ። ሦስት ሰዎች ሰምተው ሄዱ። አራተኛው፣ «እየቀለድክ ነው?» አለኝ። «አይደለም» አልኩት። ፊቴን ብዙ አየ። ከዚያ በርካሽ ገዛኝና እየነዳ ሄደ። መሬቱ ርጥብ ነበር። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ወረደና መሪዋን ይዞ እየገፋ ቁልቁል ተጓዘ። ድልድዩን እስኪሻገር ቆሜ አየሁት።

ቀልድ አልተውኩም፤ እሱን ከተውኩ ውዬም አላድር። ግን ያን አራተኛ ሰውዬ ባሰብኩ ቁጥር የናስር ጣት ትዝ ይለኛል። ናስርም እንደዚያ ተነግሮት ቢሆን ኖሮ፣ እየገፋት ይወርድ ነበር።