ትዕዛዝ ሲጠብቅ የከረመው ተማሪ

ኢታና የዲንሾ ልጅ ነው። ከሠራዊቱ በአሥር አለቃነት ተሰናብቶ እዚህ ሮቤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የጓሮዬን ክፍል ተከራየ። "አኮ" ይለኛል፤ በኦሮምኛ ሴት አያቴ ማለቱ ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ ስለሆነ፣ ከልጆች መሐል ተቀምጦ መማር ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ኢታናም መምህር ሲገባ እንደ ወታደር ብድግ ብሎ ቀጥ ሲል ተማሪዎቹ ይስቁበት ነበር። እሱን ቻለው። በኋላ ግን ከውትድርና የተረፈው የእግሩ ቁስል አገርሽቶበት ጎባ ሆስፒታል ተኛና የመምህርት ሀዋኒ ፈተና አመለጠው። ከተመለሰ ሰነባበተ። አንድ ጠዋት ሻንጣውን ሲያስር ደረስኩበት።

"ወዴት ነው?"

"ወደ ዲንሾ። ጥበቃ እቀጠራለሁ። ትምህርቱ አልሆነልኝም።"

"መምህርቷ አልፈትንህም አለችህ?"

"እሷን አላነጋገርኳትም። ለክፍል ተወካዩ ሪፖርት አድርጌያለሁ። እስካሁን መልስ ካልመጣ አልተፈቀደም ማለት ነው።"

"ተወካዩ ያ ጢም እንኳ ያላበቀለው ጉዲና ነው?"

"አለቃነት በዕድሜ አይደለም፣ አኮ።"

ነጠላዬን ለበስኩ። "ተነሥ፣ መምህርቷ ጋ እንሄዳለን።"

"ትዕዛዝ ነው?"

"አዎ፣ ነው።"

የመምህርት ሀዋኒ ቢሮ በር ላይ እንደ ዘብ ቆመ። ስታየው ከወንበሯ ተነሣች። "ኢታና፣ የት ጠፋህ?"

መታመሙንም፣ ለጉዲና መንገሩንም አስረዳት።

"ጉዲና ምንም አላለኝም። ረስቶት ይሆናል፤ እሱም ገና ልጅ ነው" አለችው። "እዚህ የእኔን በር ለማንኳኳት ማንንም አታስፈቅድም። የሐኪም ማስረጃህን ይዘህ ና፣ ነገ ትፈተናለህ። ደግሞ እንዳንተ ከሠራዊት የመጡ ተማሪዎች ሐሙስ ማታ አብረው ያጠናሉ፤ እኔም እረዳቸዋለሁ። አልሰማህም?"

"የነገረኝ አለቃ የለም።"

እሷ ሳቀች። ቆይቶ እሱም ሳቀ።

በማግስቱ እሱ ሲፈተን እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። ግንባሩን እየጠረገ ወጣ።

"አንዱ ጥያቄ ጭራሽ አልገባኝም ነበር" አለኝ።

ከአግዳሚው ብድግ አልኩ። "ታዲያ ምን አደረግህ?"

"ምን ለማለት እንደሆነ ራሷን ጠየቅኳት። አስረዳችኝና ሠራሁት።"

እፎይ አልኩ። መንገድ ስንጀምር ክንዴን ደገፍ አደረገኝ።

"ሐሙስ አመሻለሁ፤ ለራት አይጠብቁኝ፣ አኮ" አለኝ።