ቲቸር ዘሐራና የአባቴ ማሳ

በቀደም ሸዋ ሮቢት ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ ባጃጅ እንደያዝኩ ዝናብ ጣለ። የጋለው አቧራ ሽታ ወደ ውስጥ ሲገባ ሹፌሩ፣ «ዓምናም ካቻምናም ነስቶናል፤ ዘንድሮማ ተራው የኛ ነው» አለ። ይህን ቃል ልጅ ሳለሁ ከአባቴ አፍ ሰምቼው ነበርና ሐሳቤ ወደ ቲቸር ዘሐራ ሄደ።

ቲቸር ዘሐራ ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማረችን ናት። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ የሻርፗ ጫፍ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው። ፕሮባብሊቲ ያስጀመረችን ቀን የክፍላችን ቆርቆሮ በሙቀት እየተንጣጣ ነበር። የአንድ ብር ሳንቲም አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አምስት ጊዜ ወረወረች። አምስቱንም ጊዜ ዘውድ ወጣ።

«ስድስተኛውስ?» አለችን።

«ጎፈር!» ብለን ጮኽን።

«ለምን? ያለፈውን ያስታውሳል እንዴ? አሁንም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሳንቲም ተራ አያውቅም።»

ቤት እንደገባሁ ለአባቴ ነገርኩት። ሦስት ዓመት ዝናብ አጥሮበት ስለነበር፣ ዘንድሮ ተራው የኛ ነው ብሎ፣ ድርቅ የሚችለውን ማሽላ ትቶ ያለችንን ማሳ በሙሉ ዋጋ የሚያወጣውን ጤፍ ሊዘራ ቆርጦ ነበር። ሲሰማኝ ተቆጣ። በማግስቱ ሽርጡን አጥብቆ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ።

«መምህርት፣ አይዘንብም ነው የሚሉት?»

«አላልኩም፣ ጋሼ። ዝናብ እንደ ሳንቲም ቀላል አይደለም፤ እኔም አላውቅም። ግን ሦስት ዓመት ስለቀረ ብቻ አራተኛው ይመጣል አይባልም። ቢቀር ልጆቹ ምን ይበላሉ?»

አባቴ መሬት መሬቱን እያየ ሄደ። ግማሹን ጤፍ፣ ግማሹን ማሽላ ዘራ።

በዚያ ክረምት እንደ ልብ ዘነበ። ሁሉንም ጤፍ የዘሩት ጎረቤቶቻችን ቤታቸውን ቆርቆሮ አለበሱ፤ አባቴን «የአስተማሪ ምክር ሰምቶ!» እያሉ ሳቁበት። አፈርኩ። ቲቸር ዘሐራ ዘንድ ሄጄ፣ «ቲቸር፣ ዘነበ እኮ!» አልኳት።

«ደስ ብሎኛል» አለች፤ ደስ ያላትም ትመስል ነበር። «ግን አባትሽ የዘሩ ቀን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ውሳኔያቸው ያኔም ጥሩ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ነው።»

አልገባኝም። ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ማጀቴ ከተማ ተዛወረች፤ ደህና ሁኚ እንኳ አላልኳትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዝናቡ በነሐሴ አጋማሽ ተቋረጠ። ጤፉ ሳያፈራ ደረቀ። ማሽላው ቀጭጮም ቢሆን አፈራ፤ ያን ዓመት እሱን በላን።

አባቴ ስሟን አንስቶ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን ማሳውን ለሁለት ሳይከፍል ዘርቶ አያውቅም። ሰው ለምን ሲለው፣ «ግማሹ ለምኞቴ፣ ግማሹ ለልጆቼ» ይላል።